አምስተኛው ስም

መጀመሪያ ያየሁት ደረጃ ላይ ነው። ትልቅ የብረት ፓምፕ ታቅፎ የምድር ቤቱን በር በክርኑ ሊገፋ ሲታገል፣ ከላይ እየወረድኩ ደረስኩበት።

«እህቴ፣ እባክሽ በሩን ያዥልኝ» አለኝ ዞር ሳይል። «ይሄ ጉድ እግሬ ላይ ካረፈ እሱም እኔም አንጠገንም።»

በሩን ያዝኩለት። እሱ ሲገባ ተከትዬው ገባሁ። ለምን እንደገባሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መንገዴ ወደ ቤተ መጻሕፍት ነበር።

ፓምፑን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። «ከአራተኛ ፎቅ ነሽ» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«እጅጌሽ ላይ ጠመኔ አለ። ቀሚስሽም ላይ። ፀጉርሽም ላይ ትንሽ አለ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመኔ ይለኝ ጀመር። እሱን ደግሞ ሰው ሁሉ ካቻቢቴ ነበር የሚለው፤ ከሸሚዙ ኪስ ካቻቢቴ ጠፍታ አታውቅም። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት ደመወዝ ክፍልና፣ ቆይቶ ደግሞ እኔ ብቻ ነበርን።

ያኔ ሦስተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራዬ በወረቀትና በሰሌዳ ነው። ጋዝ እጅግ ሲቀዘቅዝ፣ ከዚያ በታች ብርድ የለም ወደሚባለው ጫፍ ሲጠጋ፣ አቶሞቹ በየፊናቸው መሮጣቸውን ይተዉና እንደ አንድ አካል መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። እንዲህ ያለ ጋዝ ሲፈስ ሰበቃ የሚባል ነገር አያውቅም። በቀለበት ቅርጽ ይዘው አንድ ጊዜ ቢያዞሩት መቆሚያ የለውም። እኔ ይሄን በቀመር አሰላ ነበር። ጋዙ ራሱ ከእኔ ክፍል አራት ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ በየቀኑ ይሠራል። ወርጄ አይቼው አላውቅም። የከለከለኝ የለም፤ ትዝም ብሎኝ አያውቅ።

ይሄን ስነግረው ካቻቢቴ ማመን አቃተው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስለሱ ስትጽፊ አይተሽው አታውቂም?»

«ቀመሩን አውቀዋለሁ።»

«በፎቶ ብቻ አይተሽ ያገባሽው ባል ነው የሚመስለው» አለና በእጁ ጠራኝ። «ነይ፣ ላስተዋውቅሽ።»

መሣሪያው ያረፈበት ጠረጴዛ የአንድ ክፍል ወለል ያህላል። ከላዩ ሳንቲም የሚያካክሉ መስታወቶች በመቶዎች ተተክለው የሌዘር ብርሃን ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀባበላሉ። መሃል ላይ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የብረት ሳጥን አለ፤ በጎኑ ደግሞ ትንሽ የመስታወት መስኮት። ዐይኔን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። ጨለማው መሃል፣ ምንም ነገር ሳይዛት፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ ብርሃን ተንሳፍፋ ትንቀጠቀጣለች።

«እሱ ነው?» አልኩት። ድምፄ ሹክሹክታ ሆነብኝ።

«እሱ ነው። ገና አልቀዘቀዘም። በደንብ ሲቀዘቅዝ ለዐይን ይጠፋል፤ በካሜራ ብቻ ነው የምናገኘው።»

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ቀና ስል ካቻቢቴ የሚያየው ሳጥኑን ሳይሆን እኔን ነበር። ቶሎ ብሎ ወደ ፓምፑ ዞረና የጠበቀውን ቡሎን እንደገና ማጥበቅ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ምሳዬን ምድር ቤት መብላት ለመድኩ። ከመሣሪያው ክፍል ውጪ አራት ደረጃዎች አሉ፤ ሦስተኛው ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። አባቱ ከዚያ የሦስት ሰዓት መንገድ በሚርቅ ከተማ ፍሪጅ ጠጋኝ ናቸው። እሱም እዚያው ሱቅ ውስጥ ቱቦ እየበየደ ነው ተምሮ የመጀመሪያ ዲግሪውን በፊዚክስ የያዘው። ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ ስላጠና ውጤቱ መካከለኛ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪ ለመቀጠል ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሁለቱንም ጊዜ አልተቀበሉትም።

«የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ምን አሉኝ መሰለሽ» አለኝ አንድ ቀን። «‹ስምህ ያለበት አንድ የምርምር ጽሑፍ ይዘህ ብትመጣ ነገሩ ሌላ ይሆናል።› እኔ ደግሞ ስሜ ያለው የፓምፕ ማዘዣ ላይ ብቻ ነው።»

እየሳቀ ነበር የነገረኝ። እኔም ሳቅኩ። ግን ሰማሁት። እንደሰማሁት ልብ በሉልኝ፤ በኋላ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

በዚያ ሰሞን በአራተኛ ፎቅና በምድር ቤት መካከል ጸብ ነበር። በእኔ ስሌት ቀለበቱ ውስጥ ያለው ፍሰት እስከ አንድ የታወቀ ፍጥነት ድረስ ሳይደክም መዞር አለበት። ምድር ቤት ሲለካ ግን በግማሹ ፍጥነት ላይ ተሰብሮ ይቀራል። ፕሮፌሰሬ ሙከራው ንጹሕ አይደለም ይላሉ። የምድር ቤቱ ኃላፊ ቀመሩ ጎዶሎ ነው ይላል። እኔ መሃል ላይ ሆኜ አንድ ዓመት ሙሉ ቀመሩን እየፈታሁ መልሼ አሰርኩት፤ ስሕተት አላገኘሁም።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን ካቻቢቴ ከጀርባው የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ግን እንዳትስቂብኝ።»

«እስቃለሁ ብለህ ነው?»

«ስታሰዪው ቀለበቱን ዙሪያውን እኩል አድርገሽ ነው የምትይዢው?»

«አዎ። እኩል ካልሆነ ቀመሩ አይፈታልኝም።»

«እኩል አይደለም» አለና ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋው።

ጠዋት ጠዋት፣ ሌሎቹ ከመግባታቸው በፊት፣ የቀለበቱን ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል። ማንም አላዘዘውም። መቶ አሥራ ስድስት ፎቶ አንስቶ፣ አማካዩን አውጥቶ፣ በእርሳስ ስሎታል። በቀኙ በኩል አንድ ቦታ ላይ ቀለበቱ እንዳረጀ ገመድ ሳስቷል።

«አባቴ ፍሪጅ ሲጠግን ጋዙ ያለቀው በቱቦው ሁሉ ሾልኮ አይደለም» አለኝ። «አንድ ቦታ ነው። ሳሙና ትቀቢና አረፋ የሚሠራበትን ትፈልጊያለሽ። የእናንተም ፍሰት ዙሪያውን የሚሞት አይመስለኝም። እዚህች ጋ ነው የሚሞተው።»

ትንሽ አሰብኩ። «የሳሳ ቦታ ብቻውን አይበቃም። ፍጥነቱን ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ በግማሽ አይቀንሰውም።»

«ሙቁስ?»

«የቱ ሙቅ?»

«ሁሉም አይቀዘቅዝም እኮ። ከመቶ ሃያ እጁ ሙቅ እንደሆነ ይቀራል። መሃል ላይ ቦታ ስለማያገኝ ዳር ዳሩን ይይዛል። ይሄ የሳሳው ደግሞ ሁሉ ነገሩ ዳር ነው።»

ማኘክ አቆምኩ። እኔ ስሌቴን ስጀምር የመጀመሪያው መስመር ላይ «ሙቀቱን ዜሮ አድርገን ብንወስድ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ሁሉም እንደዚያ ይጽፋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደዚያች መስመር ተመልሼ አላየሁም። አሁን ታየኝ። ትንሽ አዙሪት በሳሳው ቦታ፣ በሙቆቹ አቶሞች በኩል ከውጪ ትገባለች፤ ቀለበቱን አቋርጣ ስትወጣ ከፍሰቱ አንድ ደረጃ ቆርሳ ትሄዳለች። ከዚያ ሌላዋ።

«ካቻቢቴ» አልኩት።

«አቤት።»

«አልሳቅኩም።»

ምሳዬን እዚያው ትቼ አራት ፎቅ በሩጫ ወጣሁ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን አሰላሁ። በሃያኛው ቀን ወረቀቱን ይዤ ወረድኩ። እሱ የለካው ነጥብና እኔ ያሰላሁት መስመር አንዱ በሌላው ላይ ተኝተዋል። ካቻቢቴ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ተከተለ።

«ተጋቡ» አለ በመጨረሻ።

«እኛስ?» አልኩ።

ከአፌ አምልጦኝ ነው፤ አላሰብኩበትም። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። እሱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ እንዳይታጠፍ ጥጉን አስተካከለ፣ ከዚያ ጠመኔ የለበሰውን እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ከኋላችን ፓምፖቹ እንደ ሁልጊዜው ያንጎራጉሩ ነበር። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሙሉ የሆንኩበትን ቀን ፈልጌ አጥቻለሁ።

ወራት ጥሩ ሆነው አለፉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከተማውን በእግራችን እናዳርሰዋለን፤ እሱ የሱቅ ማቀዝቀዣ ሲያገኝ ቆም ብሎ ያዳምጣል። «ይቺ ይሄን ዓመት አታልፍም» ይለኛል፣ እንደ ሐኪም። እኔ በየካፌው ናፕኪን ላይ ቀመር እጽፍለታለሁ፤ የማይገባውን ይጠይቀኛል፤ ሲጠይቀኝ ብዙ ጊዜ ለእኔም እንዳልገባኝ አውቃለሁ።

እናቴ ልታየው ፈለገች። እናቴ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ። ስለሱ ስትጠይቀኝ «እዚያው ላብራቶሪ ነው የሚሠራው» ብያት ነበር። የቀረውን ራሷ ሞላችው። የእሁድ ምሳ ቀን በሩን ከፍታ «ግባ ዶክተር፣ ግባ የኔ ልጅ» አለችው። አክስቴም ከኋላዋ «ዶክተርዬ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለች።

ካቻቢቴ አየኝ። እኔ ሳህን መደርደር ጀመርኩ።

«ዶክተር አይደለሁም እማማ» አለ ፈገግ ብሎ። «እኔ ቱቦ ገጣሚ ነኝ። ዶክተሯ እሷ ናት፤ እሷም ገና ናት።»

እናቴ ሳቀች፣ ምሳውም ደህና አለፈ። የእናቴን ፍሪጅ በር ላስቲክ ሳይጠየቅ አስተካከለላት። ኩሽና ውስጥ ሁለታችን ስንቀር ግን እናቴ እጇን እያደራረቀች «ልጁ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ግን አንቺ እስከዚህ ድረስ ተምረሽ…» አልጨረሰችውም። እኔም ምን ልትይ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም።

ወደ አውቶቡስ ስሸኘው ጠየቀኝ። «ለምን አልነገርሻትም?»

«አጋጣሚ አላገኘሁም።»

«በአምስት ወር ውስጥ?»

አውቶቡሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ማየት ጀመርኩ። ትንሽ ጠበቀኝና «ይሁን፣ ቱቦ ገጣሚ ነው ለማለት ቃሉ አልመጣልሽም ይሆናል፤ ረጅም ነው» ብሎ ሳቀ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር። ሲጨንቀኝ ካየ መውጫ በር ይከፍትልኛል። እኔም በዚያ በር መውጣት ለመድኩ።

የምርምር ጽሑፋችን አልቆ ለመጽሔት ሊላክ ሲል ፕሮፌሰሬ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይሄን መናገር አለብኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የመጀመሪያውን ገጽ አዞሩልኝ። አራት ስሞች አሉ፤ መጀመሪያ የእኔ፣ ከዚያ የሳቸው፣ የምድር ቤቱ ኃላፊና የሱ ተማሪ።

«ቴክኒሽያኑስ?» አልኩ።

«መጨረሻ ላይ ምስጋናው ውስጥ አለ። ‹ለቴክኒክ ድጋፉ እናመሰግናለን።›»

«ሐሳቡ እኮ… የሳሳውን ቦታና የሙቁን ነገር ያመጣው እሱ ነው።»

መነጽራቸውን አወረዱ። «ይሄን አላውቅም ነበር። እንደዚያ ከሆነ ስሙ ይገባል። ግን አንድ ነገር አስቢበት። መመረቂያ ጽሑፍሽ ሙሉ በሙሉ በዚህ ሐሳብ ላይ ነው የቆመው። ፈታኞቹ ‹ሐሳቡ የማን ነው?› ብለው ይጠይቁሻል። ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የቀረበልሽ ሥራም በዚህ ጽሑፍ ነው የመጣልሽ።» ቆም አሉ። «የመጀመሪያዋ ጸሐፊ አንቺ ነሽ። ጨምሩት ካልሽኝ አሁኑኑ እጨምረዋለሁ። ምን ትያለሽ?»

በመስኮቱ በኩል የመኪና ማቆሚያው ይታያል። አንድ ሰው ጎማ ይቀይር ነበር። እሱን ሳይ ቆየሁ።

«እንዳለ ይሁን» አልኩ።

ሁለት ቃል ናት። ለመናገር ቀላል ነበረች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አብሬው ምሳ በላሁ። በየቀኑ እነግረዋለሁ ብዬ እወርዳለሁ፣ በየቀኑ ሳልነግረው እወጣለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ የሚያመለክትበትን ፎርም ይዞ ደረጃችን ላይ ሲሞላ አጠገቡ ነበርኩ። «የታተሙ ሥራዎች» የሚለው ጋ ሲደርስ የጽሑፉን ርእስ ጠየቀኝ፤ ቃል በቃል አስጻፍኩት። ስሙ ይኖር ይሆን ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እንዲህ ያለ ጥያቄ መኖሩም በሐሳቡ አልመጣም።

ጽሑፉ የወጣ ቀን ምድር ቤት ስወርድ ሰው ሁሉ አንድ ኮምፒውተር ከቦ ነበር። ካቻቢቴ ከነሱ ራቅ ብሎ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ቱቦ ይፈታል።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ ከዚያው።

«ልነግርህ ነበር።»

«መቼ?»

«ፕሮፌሰሩ ናቸው» አልኩ። «ቴክኒሽያን ስሙ አይገባም አሉ። እኔ ብዙ ለመንኳቸው።»

ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ቆመ። ፊቴን አየኝ፣ አመነኝም። እንዲያውም ያጽናናኝ ጀመር፤ ትከሻዬን ይዞ «ግድ የለሽም፣ እኔው በጨዋ ደንብ አናግራቸዋለሁ፤ አንቺ ከሳቸው ጋር እንዳትጋጪ» አለኝ። አትሂድ ለማለት ምክንያት ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም።

በማግስቱ አራተኛ ፎቅ መጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ክፍሌን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ሰሌዳው ሞልቶ ነበርና ቆሞ ከዳር እስከ ዳር ካነበበው በኋላ ነው የተናገረው።

«ፕሮፌሰሩን አገኘኋቸው።»

ከሰሌዳው ጠርዝ ጠመኔ አነሣሁ።

«ምርጫው የሷ ነበር አሉኝ።»

ጠመኔው እጄ ውስጥ ተሰበረ። «ፈርቼ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ስሜን መተውሽን እረዳዋለሁ፤ ሰው ነሽ፣ ትፈሪያለሽ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ግን ያንን ፎርም ስሞላ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር። ርእሱን ፊደል በፊደል አስጻፍሽኝ። እሱን ነው ያቃተኝ። ትናንት ደግሞ እኔ አንቺን አጽናናሁ።»

«ይቅር በለኝ።»

«እሺ» አለ። ይቅር ያለኝ ሰው ግን አይመስልም ነበር፤ ውይይቱ እንዲያልቅ የፈለገ ሰው ነው የሚመስለው። በሩን በቀስታ ዘግቶ ወረደ።

ማመልከቻውን አላስገባም። በወሩ መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። የአባቱ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበርና ሱቁን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል አሉ። ሳይሰናበተኝ አይሄድም ብዬ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የክፍሌን በር ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። አርብ ዕለት ምድር ቤት ስወርድ በሱ ቦታ አንድ ወፍራም ደብተር ብቻ አገኘሁ፤ ለሚተካው ሰው የጻፈው ነው። እያንዳንዱ ፓምፕ ሲታመም ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ በዝርዝር አስፍሯል። እኔን የሚመለከት መስመር አልነበረበትም፤ ሁለቴ ነው ያገላበጥኩት።

ተመረቅኩ። ፈታኞቹ ሐሳቡን አደነቁት፤ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። እናቴ ዶክተር ስትለኝ አለቀሰች። ወደ ውጭ ሄድኩ። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ ለሦስተኛው መልስ መጣ። «በልቤ የያዝኩብሽ ነገር የለም። ሥራሽን በርትተሽ ሥሪ» ይላል። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ስምንት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሌላ ሰው ሕይወቴ ውስጥ አልገባም ብዬ አልዋሽም። ገብቶ ወጣ። ወደ አገሬ ተመልሼ አስተማሪ ሆንኩ፣ የራሴ ተማሪዎች መጡልኝ። ከነሱ አንዷ፣ ዝምተኛ ልጅ ናት፣ አንድ ከሰዓት ያንን ጽሑፍ ይዛ መጣች።

«መምህርት፣ ከዚህ ሁሉ እኔ የወደድኩት የሙቆቹን አቶሞች ሐሳብ ነው» አለችኝ። «ሁሉም ሰው ትቷቸው ነበር። እንዴት መጣልዎት?»

አፌን ከፈትኩ። ለስምንት ዓመት የለመድኩት መልስ አለ፤ በየስብሰባው ብዬዋለሁ። ልጅቷ ደብተሯን ከፍታ ልትጽፈው ስትጠብቀኝ ግን ጽሑፉን ከፊቷ አንሥቼ አራቱን ስሞች አየሁ።

«የእኔ አይደለም» አልኳት።

በዚያው ሳምንት ለመጽሔቱ ጻፍኩ። እርማት ማውጣት ይቻላል፣ ግን አምስቱም ሰዎች መፈረም አለባቸው አሉኝ። ፕሮፌሰሬ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ፈርመው ሲመልሱልኝ በስልክ «ያኔውኑ ብትይኝ ኖሮ ምን ነበረበት» አሉኝ፣ ሌላ ነገር አላሉም። የምድር ቤቱ ኃላፊና ተማሪው ፈረሙ። ለአምስተኛው በፖስታ መላክ እችል ነበር። ይዤው ሄድኩ።

ሱቁ ዋናው መንገድ ላይ ነው። በሩ አጠገብ አባቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣል። ውስጥ፣ ጠረጴዛው ጋ፣ በስልክ የምትነጋገር ሴት ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ፈገግ አለችልኝ።

«ፍሪጅ ነው ወይስ ልብስ ማጠቢያ?»

«ባለቤቱን ፈልጌ ነው።»

«ባለቤቴን ነው?» አለች እየሳቀች፣ ወደ ጓዳ ዞራም ጠራችው። በስሙ ነው የጠራችው።

እጁን እየጠረገ ወጣ። በጆሮ ግንዱ በኩል ሸብቷል። አይቶኝ ቆመ።

«ጠመኔ» አለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «ድሮ አብረን እንሠራ ነበር» አላት።

ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፣ እንደገናም አነበበው። እርማቱ አጭር ነው፤ አምስተኛ ስም እንዲጨመርና፣ የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የዚህ ሰው እንደነበረ ይላል።

«አሁን ይሄ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። ሊያስቀይመኝ ብሎ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

«ምንም አያደርግልህም።»

«ታዲያ ለእኔ ነው ወይስ ላንቺ?»

«ላንተ ብዬ ነው የተነሣሁት። መንገድ ላይ ለእኔ እንደሆነ ገባኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን ይዞ ወደ አባቱ ሄደና ጎንበስ ብሎ ያሳያቸው ጀመር። አዛውንቱ ብዙ አያዩም። «ስምህ የቱ ጋ ነው?» አሉት። ጣታቸውን ይዞ ስሙ ላይ አስቀመጠው፤ ጣታቸው አልረጋ ሲል በራሱ እጅ ደግፎ ያዘላቸው።

«መቼ የሠራኸው ነው?»

«ድሮ ነው አባባ።»

«ለምን ታዲያ ሳትነግረኝ?»

ቀና ብሎ አየኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«ገና ስላልወጣ ነው» አላቸው።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ፈረመ። ሚስቱ ሻይ ላፍላልሽ አለችኝ፤ አመስግኜ እንቢ አልኩ። ካቻቢቴ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘኝ። ምን እየሠራሽ ነው አለኝ፤ ነገርኩት። ሁለት የማይቀላቀሉ ቀዝቃዛ ጋዞች አንድ ላይ ሲፈሱ በድንበራቸው ላይ ምን እንደሚሆን ነው የማጠናው። አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ቆሜ ማሰብ ነበረብኝ። የመጀመሪያው አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። ሁለታችንም እንዳላየን ሆንን።

ሁለተኛው ከሩቅ ብቅ ሲል ስምንት ዓመት የያዝኩትን ጠየቅኩት።

«ያኔ፣ ከፕሮፌሰሩ ቢሮ እንደወጣሁ በቀጥታ ወርጄ ብነግርህ ኖሮ፣ ምን ታደርግ ነበር?»

እውነተኛ መልስ ሊሰጠኝ እንደፈለገ ያስታውቃል፤ መንገዱን እያየ ነው የመለሰልኝ።

«እናደድብሽ ነበር» አለ።

«ለስንት ጊዜ?»

«እኔ እንጃ። ሁለት ቀን። ቢበዛ ሦስት።»

አውቶቡሱ ቆመ። በሩ ሲከፈት ክርኔን ይዞ ደገፈኝና ተሳፈርኩ። ሰው ሞልቶ ስለነበር መስኮት አጠገብ ቦታ አላገኘሁም፤ ሲነሳ እሱ ገና ቆሞ ይሁን ወይም ወደ ሱቁ ተመልሶ ይሁን አላየሁም።